ባትሪው መጋዘን፣ ጀልባዋ ውሃ ላይ

ከምዕራብ ሐረርጌ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ንዴቴ ግን አብሮኝ መጥቶ እስካሁን ከቤቴ አልወጣም። ጠዋት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወርጄ የሰው ሞተር ስፈታ ድንገት ያ መጋዘን ትዝ ይለኝና መፍቻውን እወረውራለሁ። ባለቤቴ «ወይ ጻፈውና ይውጣልህ፣ ወይ ተወንና እንረፍ» አለችኝ። መተዉ ስላልሆነልኝ ይኸው ጻፍኩት። ያን አገር ለማታዩት ሁሉ ይሁንልኝ።

እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ዝዋይ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱትን ጀልባዎች ሞተርና ባትሪ ስሠራ ኖሬአለሁ። ታናሽ እህቴ ትዕግስት አዋላጅ ነርስ ናት፤ የተመደበችው ከገለምሶ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ፣ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ ውሃ ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም። እኔ ተናድጄ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ እዚያ ያሉት ግን እዚያው ይኖራሉ። ግድቡ ሲሞላ የድሮውን መንገድ ስለዋጠው ለማዶው ሕዝብ አንዲት ትንሽ ባለሞተር ጀልባ ተሰጠች። በጀልባዋ ሩብ ሰዓት ነው፤ በእግር ውሃውን ዞሮ የሚሄድ አራት ሰዓት ይፈጅበታል።

ትዕግስት የደወለችልኝ በአንድ እሑድ ከሰዓት ነበር። «ጋሼ፣ የጀልባዋ ባትሪ እንደገና ሞተ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራተኛው ነው» አለችኝ። ድምጿ ደክሟል። ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ ይዘው ሲሻገሩ ሞተሩ ውሃው መሐል ጠፋ፤ በጣውላና በልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየቀዘፉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳር ሲደርሱ ሕፃኑ አልተረፈም። አሁን ደግሞ ሀሊማ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ቀኗ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ገለምሶ ሆስፒታል ካልደረሰች ለሕይወቷ ያሰጋል። «ሀሊማ ምጥ ሲይዛት ያቺ ጀልባ መነሳት አለባት፤ ተነስታም መሐል ላይ መቆም የለባትም» አለች እህቴ። እኔም ማክሰኞ ማለዳ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከዝዋይ እስከ ጭሮ

አንድ አዲስ ባትሪ ከራሴ ሱቅ አውጥቼ፣ ሌሊቱን ሞልቼ፣ በገመድ አስሬ ያዝኩ። ቮልት መለኪያዬና መፍቻዎቼ በቦርሳ ናቸው። እስከ አዳማ ደህና ሄድኩ። አዳማ መናኸሪያ ላይ ግን የጭሮው አውቶቡስ ረዳት ባትሪውን አየና «ፋዘር፣ ይሄ ጣሪያ ላይ ነው የሚሄደው» አለኝ።

«ልጄ፣ አሲድ አለው። ቆሞ ካልሄደ አይሆንም።»

«እናቆመዋለን፣ ችግር የለም።»

በዚህ አገር «ችግር የለም» ከተባለ ችግሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። መተሐራ ሳንደርስ አንዲት ሴትዮ «ፍራሼን! ፍራሼን!» እያሉ ጮኹ። ወርደን ስናይ ባትሪው በጎኑ ተኝቶ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ ከክዳኑ ጠብ ጠብ ያለው አሲድ የሴትዮዋን አዲስ ፍራሽ በልቶታል። ጥቂት ነው የፈሰሰው፤ ግን አሲድ ነው። ሴትዮዋ ማንን ቢቆጡ ጥሩ ነው? እኔን! ረዳቱ ደግሞ ከጎናቸው ቆሞ ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ «እኔም ነግሬአቸው ነበር» ይላል። ደሜ ፈላ። ባትሪውን ከጣሪያ አውርጄ እግሮቼ መሐል ከተትኩትና እስከ ጭሮ ድረስ ጉልበቴን ሳልዘረጋ ተጓዝኩ።

መንገድ ላይ አንድ ኬላ ላይ አስቁመው ፈተሹን። ፈታሹ ባትሪውን በእግሩ ነካ አድርጎ ደረሰኝ ጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ ኮንትሮባንድ ከወዲያ ወደዚህ ነው የሚመጣው፤ እኔ ከወዲህ ወደዚያ ነው የምሄደው» አልኩት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ባትሪው ለምን እንደሚሄድ አስረድቼ እስክጨርስ ጸሐይ ላይ አቆመኝ።

ከሜኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ተራራው ይወጣል። እኛ ዝዋይ ሜዳ ላይ ስለምንኖር ዓይናችን ሩቅ ማየት ለምዷል፤ እዚህ ግን በየመጠምዘዣው ገደል ነው፤ ከገደሉ አፋፍ እስከ ታች ማሽላና ጫት ነው። ጭሮ፣ አንዳንዱ እስካሁን አሰበ ተፈሪ የሚላት፣ ተራራ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ከቆላው ሙቀት ወጥቶ ወደ እሷ መግባት ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም።

ያረፍኩበትን ሆቴል የሚያስተዳድሩት ወይዘሮ አልማዝ እዚያው ጭሮ ተወልደው ያደጉ፣ ከአንዱ እንግዳ ጋር በአማርኛ፣ ከሌላው ጋር በኦሮምኛ የሚጨዋወቱ ሴት ናቸው። ገና በር ላይ ባትሪውን ይዤ ለምን ወደ እህቴ እንደምሄድ ሳጫውታቸው ሱሪዬን አዩት። አሲዱ ጉልበቴ ላይ አራት ቦታ በስቶታል።

«ጋሽዬ፣ በዚህ ሱሪ ነው እህትዎ ፊት የሚቀርቡት? ያውልቁት!»

ጋቢ ሰጡኝ። እኔ ጋቢ አገልድሜ ዱለት ስበላ እሳቸው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ሱሪዬን ጣፉት። ባትሪውን ላያይዝ ስል መብራት ጠፋ፤ ይኼኔ ጄኔሬተራቸውን ለእኔ ባትሪ ብለው አስነሱልኝ። «ለምጥ ከሆነማ ናፍጣ ምን ያደርጋል?» አሉ። እዚህ ጉዞ ላይ ለደንብ ሳይሆን ለምጡ ቅድሚያ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ሌላ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ቀን፦ ጭሮ፣ በደሳ፣ ገለምሶ

ጠዋት ለአሮጌዎቹ ባትሪዎች የሚሆን የተጣራ ውሃ ልገዛ ወጣሁ። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ ባለሱቁ የታሸገ የማዕድን ውሃ አወጣልኝ።

«ይሄ የሚጠጣ ነው» አልኩት።

«አባባ፣ ለሰው የሆነ ለባትሪ ያንሰዋል? የምንጭ ውሃ እኮ ነው! ወላሂ ከዚህ የጠራ የለም።»

ባትሪ ማዕድን አይጠጣም፣ ማዕድኑ ውስጡን ይገድለዋል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳመጠኝና «እንግዲያው ሁለት ልስጥዎት?» አለኝ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ የተጣራውን አገኘሁ። ባለሱቁ አቧራውን ሲያራግፍለት ማንም ገዝቶት እንደማያውቅ ገባኝ።

ወደ ገለምሶ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ጸሐይዋ አናት ላይ ወጣች። በደሳ ስንደርስ የገበያ ቀን ሆኖ መንገዱ በሰውና በአህያ ተዘግቷል፤ እዚያም የወረዱትን የሚተኩ ሰዎች ተጠበቁ። ይህ ሁሉ አያናድደኝም፤ ዝዋይም እንዲሁ ነው። ያናደደኝ ሌላ ነው። ከኋላችን ጫት የጫነ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ መጣ። ያ አህያ የማይገፋው ገበያ፣ ያ ለሚኒባሱ ጀርባውን የሰጠ ሕዝብ፣ በአንድ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። መኪናው እንደ ንፋስ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡ መምህር «ጫቱ ይጠወልጋላ!» ብለው አስረዱኝ። እስሩ በእርጥብ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ሾፌሩ አያርፍም፣ ጠዋት የተቆረጠ ቅጠል ማታ ሌላ አገር ይደርሳል። ሰውዬው ይህን ሲነግሩኝ ኩራት ነበራቸው፤ እውነትም ያስደንቃል። እኔ ግን እግሮቼ መሐል ያለውን ባትሪ እያየሁ «ለቅጠል እንዲህ የሚያውቅ አገር ለወላድ እንዴት ያቅተዋል?» እያልኩ ገለምሶ ደረስኩ። ያረፍኩበት ቤት ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረቡልኝ። ጣፋጭ ነበር፤ ቢሆንም ሁለት ቀን ዓሣ ያልበላ የዝዋይ ሰው ሆዱ አያምንም።

ሦስተኛው ቀን፦ ወደ ውሃው

ከገለምሶ በባጃጅ ወጣሁ። መንገዱ ሲያልቅ ውሃው ፊት ለፊቴ ተዘረጋ። ቡናማ ነው፤ የደረቁ የግራር ጫፎች ከውስጡ ብቅ ብቅ ብለዋል። ዝዋይን አይቼ ላደግሁት ይህ ሐይቅ ሳይሆን ጎርፍ የተኛበት ማሳ ነው የመሰለኝ። ማዶ ላይ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ያበራል። ስደውል ጀልባዋ መጣች፤ የሚነዳት ጀማል የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ዳር ደርሶ ሞተሩን አላጠፋውም።

«አጥፋውና ዕቃዬን ልጫን» አልኩት።

«አይጠፋም፣ አባባ። ከጠፋ አይነሳም።»

ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ አሰብኩ። ገብቼ ወደ ኋላ ስሄድ የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱ ኬብሎች ጫፋቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ተንጠልጥለዋል።

«ባትሪው የታል?»

«መጋዘን።»

«ሞተሩ እየሠራ ባትሪው መጋዘን ምን ይሠራል?»

ጀማል እንደ ሕፃን አየኝ። «ያድራላ!» አለኝ። ከዚያም ሥራቸውን ነገረኝ፤ እኔም እየሰማሁ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። በሽተኛ ሲመጣ ባትሪው ከመጋዘን በወጪ ሰነድ ይወጣል። በጋሪ ተገፍቶ ዳር ይደርሳል። ኬብሉ ይታሰራል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ወዲያው ኬብሉ ተፈትቶ ባትሪው በጋሪ ወደ መጋዘን ይመለሳል። ጀልባዋ ያለ ባትሪ ትሻገራለች፤ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ ሞተሩ አይጠፋም።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ባትሪ ሞተሩን ሲያስነሳ ጉልበቱን ያበድራል፤ ሞተሩ ደግሞ እየሠራ ሳለ መልሶ ይሞላዋል። እነዚህ ሰዎች ባትሪውን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያበድሩት ኖሩ፤ ሊመለስለት ሲል ግን ነጥቀው ይወስዱታል። ባዶውን መደርደሪያ ላይ እያደረ እንዴት አይሞት? እንዲያውም ሞተሩ ባትሪ እየተነጠቀበት ሲሠራ የመሙያው ክፍል አለመቃጠሉ የእግዜር ቸርነት ነው።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ አህመድ ይባላሉ። በእኔ ዕድሜ ናቸው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ የቁልፍ ዘለላቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ተቀበሉኝ። መጋዘኑን ከፈቱልኝ። አራት የሞቱ ባትሪዎች በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸው እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ለካኋቸው፤ አንዱም አስር ቮልት አይሞላም፤ ያን ቀን ሞተሩን ያስነሱት ከአንድ ሰው ሞተር ሳይክል በተዋሱት ባትሪ ነበር። ከጎናቸው ስድስት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከነፌስታሉ ተደርድሯል። ሞተሩ ባትሪ ባይኖረው በእጅ የሚያስነሳው ገመድ እንኳ ከነማሸጊያው እዚያው ተቀምጧል!

«ኦቦ አህመድ፣ ይሄ ገመድ ለምን እዚህ ሆነ?»

«ንብረት ነው።»

«ሰደርያዎቹስ?»

«እነሱም ንብረት ናቸው። ይረጥባሉ ደግሞ።»

መጮህ እንደጀመርኩ አላወቅሁም። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይረጥባል ተብሎ ተቆልፎበት አይቼ አላውቅም። በእኛ አገር ዓሣ አስጋሪው ከቤቱ ጣሪያ በፊት ለባትሪው ክዳን ይሠራል፤ ክዳኑ ግን ጀልባው ላይ ነው! ኦቦ አህመድ አልተቆጡም። ጩኸቴን ጨርሼ ስተነፍስ «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ ተቀመጥ። ኦብሲ» ብለው፣ ታገሥ ማለታቸው ነው፣ ሆጃ አስቀዱልኝ፤ በቡና ቅጠልና በወተት የሚፈላውን መጠጥ። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር ጠጣሁት።

ያኔ ብልጠት የመሰለኝን ቂልነት ሠራሁ። «እሺ፣ የመንግሥቱ ባትሪ መጋዘኑ ውስጥ ይቅር። ይሄ ከራሴ ሱቅ ያመጣሁት ነው። ለጀልባዋ ስጦታ ሰጥቻለሁ፤ እሷው ላይ ይቀመጥ» አልኩ። ኦቦ አህመድ ፊታቸው በራ። ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ገላቶማ፣ እናመሰግናለን! ስጦታ ከሆነ በደንብ መቀበል አለብን» አሉና የገቢ ሰነዱን፣ ሞዴል 19ኙን፣ አወጡ። እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ አላቸው! እኔም ደረቴን ነፍቼ ፈረምኩ። የሀሊማ አማት አዴ ፋጡማ ምራታቸውን ለክትትል ይዘው መጥተው በር ላይ ቆመው ነበርና ረጅም ዱአ አደረጉልኝ። ሀሊማም ሆዷን ደግፋ ከኋላቸው ፈገግ አለች። ኦቦ አህመድ ቀዩን ቀለም አምጥተው ቁጥር ጻፉበት፤ እስኪደርቅ እፍ አሉበት፤ ከዚያ ባትሪዬን ብድግ አድርገው አምስተኛ አድርገው መደርደሪያው ላይ አሰለፉት።

«ምን ማድረግዎ ነው?»

«አሁንማ የመንግሥት ሆነ።»

ትዕግስት ከማዋለጃ ክፍል ጓንቷን እያወለቀች ስትወጣ መጋዘኑ በር ላይ አፌን ከፍቼ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ ፈረምክ እንዴ?» አለች። የባትሪውን ጉድ ሳስረዳት ደግሞ በእኔ ተናደደች። «እኔ ማዋለድ እንጂ ባትሪ ተማርኩ? ይወጣል፣ ይገባል፤ እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ ነው!» አለች። ያን ምሽት እሷ ቤት የማሽላ ገንፎ በላን።

አራተኛው ቀን፦ ዓርብ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አዴ ፋጡማ ሀሊማን በቃሬዛ አሸክመው እየተንደረደሩ መጡ። የሀሊማ ምጥ ቀኑን ሳይጠብቅ መጥቷል። ትዕግስት አይታት ወጣችና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኦቦ አህመድ ዞረች። «አሁን መሻገር አለባት። የድሮው ስፌት እንዳይከፈት እሰጋለሁ» አለቻቸው።

ኦቦ አህመድ አልዘገዩም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ሰነዱን በአንድ ትንፋሽ ሞሉት፣ ጋሪውን ራሳቸው ገፉት። ባትሪዬ ታሰረ፣ ጀማል ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ሀሊማን አስተኛናት። ጀማልም እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ኬብሉን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

ባትሪው ላይ ተቀመጥኩበት።

«አባባ፣ ተነሳ» አለኝ ጀማል።

«አልነሳም።»

ኦቦ አህመድ ዳር ላይ ቆመው «ንብረት ነው እኮ! በስሜ ነው!» አሉ። እኔም ያልኩትን አልደብቅም። «እሷስ በማን ስም ናት? በክረምት የሞተው ሕፃን በየትኛው ሞዴል ወጪ ሆነ?» አልኳቸው። ትዕግስት ሳትቀር ፊቷን አዞረች። ኦቦ አህመድ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ሊከሱኝ ስልክ ሊደውሉ ነው ብዬ «ንዳ!» አልኩት ጀማልን። ጀማል ግን አልነዳም፤ ጠበቃቸው።

ተመለሱ። አምስቱን ሰደርያ ታቅፈዋል። ስድስተኛውን ከነፌስታሉ ለብሰውታል። «ባትሪው ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» አሉና እግራቸውን ወደ ጀልባዋ አነሱ። ያን ውሃ ከመሙላቱ ጀምሮ ቢያውቁትም አንድም ቀን ገብተውበት እንደማያውቁ ያወቅሁት ወለሉን በጫማቸው ጫፍ ሲሞክሩ ነው። አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ባትሪውን በሁለት ክንዳቸው አቀፉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁርዓን ይቀሩ ጀመር። ሰደርያውን ለሁላችንም አደልኩ።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ጠፋ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ አልወድም። ሀሊማ ጥርሷን ነክሳ ታምጣለች፤ አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ፤ ትዕግስት ያለፈው ክረምት ፊቷ ላይ ተመልሶ መጥቶባታል። ሞተሩን ወደ ላይ ገለበጥኩት። ውሃውን የሚገፋው ማዞሪያ ላይ የወባ አጎበር ተጠቅልሎበታል፤ ጤና ጣቢያው ለመኝታ ያደለው አጎበር ዓሣ ማጥመጃ ሆኖ! በሌላ ቀን ቢሆን ለእሱም አንድ ሙሉ ቀን እናደድ ነበር። በቢላዋ ቆራርጬ ጎትቼ አወጣሁትና ሞተሩን ወደ ውሃው መለስኩት።

«ጀማል፣ አስነሳ!»

ጀማል እጁ ቁልፉ ላይ ሆኖ ኦቦ አህመድን ያያል። ወንድሞቼ፣ ውሃ መሐል ሆኖ ፈቃድ ይጠብቃል! ኦቦ አህመድ ዓይናቸውን ገለጡ። ሀሊማን አዩ፣ ባትሪውን አዩ።

«ምን ትጠብቃለህ? አስነሳው እንጂ!» ብለው ጮኹበት።

በአንዴ ተነሳ። ባትሪው እዚያው ስለነበረ ተነሳ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ዳር ነበርን፤ የተጠራው አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቀናል። ትዕግስትና አዴ ፋጡማ ከሀሊማ ጋር ገብተው ወደ ገለምሶ በረሩ።

እኛ ሦስታችን ቀረን። ጀማል ሞተሩን አጠፋ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዳር ሞተር ሲጠፋ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኬብሉን ሊፈታ ሲል ኦቦ አህመድ «ተወው» አሉት። «እዚያው ይደር።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ገነፈለ። «ኦቦ አህመድ፣ ይህቺን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ የት ደበቋት?» አልኳቸው።

ሰደርያቸውን እያወለቁ ረጋ ብለው መለሱልኝ። «ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ አንድ የጸሐይ መብራት ጠፋበት። ሌባ ሰረቀው፤ እሱ አልሰረቀም። እስኪሞት ድረስ ከጡረታው ቆረጡበት። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አንተ ነገ አገርህ ትሄዳለህ። ደብዳቤው የሚመጣው ለእኔ ነው።»

ቁጣዬን ተሸክሜ ከዝዋይ ድረስ መጥቼ በእኚህ ሰው ላይ አራግፌው ነበር፤ ለካ የተራገፈው ቦታውን ስቶ ኖሯል። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ንዴቱ ግን አልቀነሰም፤ አድራሻውን ብቻ ነው የቀየረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትዕግስት ደወለች። በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትየዋም ደህና ናት። ኦቦ አህመድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ውሃው ዳር ተቀመጡና ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩ።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን፦ ወደ ቤት

በነጋታው ለጀማል ባትሪ እንዴት እንደሚለካ፣ ውሃው ሲጎድል ምን እንደሚጨመር አሳየሁት፤ ለባትሪው ከጣውላ ክዳን ያለው ሳጥን ሠርተን ወለሉ ላይ በብሎን አሰርነው። ሞተሩ እየሠራ ስለካው ከአሥራ ሦስት ቮልት ተኩል በላይ አሳየኝ፤ ይሞላል ማለት ነው። ገለምሶ ሆስፒታል ገብቼ ሀሊማን ጠየቅሁ። ልጅቷ ጡጫዋን ጨብጣ ተኝታለች፤ እሷም ገና ከመምጣቷ የተናደደች መሰለችኝ። ጭሮ ላይ ወይዘሮ አልማዝ ሱሪዬን አገላብጠው አይተው «ይዟል» አሉ፤ ለመንገድ ብለው ዳቦ ቋጠሩልኝ፤ የአልጋውን ግን ተጨቃጭቄ ነው የከፈልኩት። በማግስቱ ማታ ዝዋይ ገባሁ። ዓሣ ተጠብሶ ጠበቀኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። በተመለስኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ትዕግስት ደወለች። ደብዳቤው መጥቷል። ከበላይ መሥሪያ ቤቱ የመጣ ሰው ንብረት ሲቆጥር መጋዘኑ ውስጥ አራት ባትሪ አገኘ፤ መዝገቡ አምስት ይላል። አንደኛው ባትሪ ከመጋዘን ውጭ ለምን እንደሚያድር ኦቦ አህመድ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ታዘዋል። አራቱ የሞቱት መደርደሪያው ላይ ስላደሩ ማንም ምንም አልጠየቀም! የሚያስጠይቀው በሕይወት ያለው ነው።

ወዲያው ተቀምጬ በባለሙያነቴ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩላቸው፦ ባትሪው ከሞተሩ ጋር መኖር እንዳለበት፣ ለምን እንደሆነ፣ ሲነጠል ምን እንደሚደርስ። ፎቶ አንስቼ በስልክ ላክሁት። በማግስቱ መልሱ መጣ፤ ማህተም ስለሌለው አይያዝም ተባለ። እኔ መፍቻ እንጂ ማህተም የለኝም። ያን ቀን የወረወርኩት መፍቻ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ሦስተኛው ቀን ሲያልቅ ኦቦ አህመድ ራሳቸው መልስ ጽፈው አስገቡ። ትዕግስት አስፈቅዳ ቅጂውን በስልክ አነበበችልኝ። ሁለት ገጽ ምክንያት ጠብቄ ነበር። ያ የሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ከላይ ቀኑን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ መልስ ስለመስጠት» የሚለውን ካሰፈረ በኋላ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፦

«ጀልባዋ መጋዘኑ ውስጥ ስለማትገባ ነው።»

ከሥሩ ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ፈርመውበታል።